ቀለበቱ ሲዞር ምን ይለወጣል? ኮይሎቨርን በግቢ ውስጥ ስለ መግጠም

(ለመካኒካል ምሕንድስና ተማሪዎችና መምህራን በቃል ከቀረበ ሕዝባዊ ንግግር የተገለበጠ። በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተሠሩት ስሌቶች በጽሑፉ ውስጥ ገብተዋል።)

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ዕቃዎች ተቀምጠዋል፤ ከኋላ ያላችሁም እንደምታዩአቸው ተስፋ አደርጋለሁ። ዝገት የበላው ረጅሙ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ከተሠራች ኮሮላዬ የፊት ቀኝ ጎማ ላይ የወረደው አሞርዛተር ነው። ሞላው ተመልሶ መኪናዋ ላይ እየሠራ ስለሆነ እዚህ የለም። ሁለተኛው፣ የሚያብረቀርቀውና በሰውነቱ ዙሪያ ጥርስ የወጣለት፣ ኮይሎቨር የሚባለው ነው። ወንድሜ ከዱባይ አራቱንም ልኮልኝ በሁለት ቅዳሜዎች በግቢዬ ውስጥ ገጠምኳቸው፤ ከሰባት ሳምንት በኋላ ደግሞ በገዛ እጄ ፈታኋቸው። ዛሬ የምነግራችሁ በእነዚያ ሰባት ሳምንታት ምን እንዳልገባኝ ነው። የተሽከርካሪ ዳይናሚክስን ለዓመታት ያስተማርኩ ሰው መሆኔን አብራችሁ አስታውሱ።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። ኮይሎቨር የሚለው ቃል ሞላው አሞርዛተሩን ከውጭ ከቦት የተቀመጠበትን አሠራር ያመለክታል። በዚህ ትርጉም ከሄድን ግን ብዙዎቻችን የምንነዳቸው መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ ኮይሎቨር ያላቸው ናቸው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ኧርል ማክፈርሰን ሞላን፣ አሞርዛተርንና መሪው ሲዞር ጎማው የሚዞርበትን ዘንግ በአንድ አካል ያዋሐደበት አሠራር፣ እ.ኤ.አ. በ1950 ለሕዝብ በታዩት የእንግሊዝ ፎርድ ኮንሰልና ዜፊር ላይ ከዋለ በኋላ ዓለምን አዳርሷል። የእኔ ኮሮላም በፊትም በኋላም ይኸው አሠራር አላት። በገበያ የሚሸጠውን ኮይሎቨር የሚለየው ታዲያ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሞላው የታችኛው መቀመጫ በአሞርዛተሩ ላይ የተበየደ ሳይሆን በጥርስ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚዞር ቀለበት ነው። ሰው ገንዘብ የሚያወጣው ለዚህ ቀለበት ነው። እኔም የገዛሁት መኪናዬን እንደ ልቤ ከፍና ዝቅ ያደርግልኛል ብዬ ነበር።

ወደ ቀለበቱ ከመድረሳችን በፊት ሥራውን በቤት ለመሞከር ላሰባችሁ ተማሪዎች ስለ አንድ አደጋ መናገር ግዴታዬ ነው። ከሌላው ሁሉ የበለጠ ይህን ይዛችሁ ብትሄዱ እወዳለሁ።

ብዙ ኮይሎቨር ያለ ላይኛ መቀመጫ ይሸጣል። የእኔም እንዲሁ ነበር። ስለዚህ መቀመጫውንና ኩሽኔታውን ከአሮጌው አካል ፈትቶ ወደ አዲሱ ማዛወር ያስፈልጋል። መኪናዋ በክሪክ ተነሥታ ጎማው ሲንጠለጠል ሞላው የተለቀቀ ይመስላል፤ አልተለቀቀም። በታችኛውና በላይኛው መቀመጫ መካከል ተጨምቆ ታስሯል፤ አስሮ የያዘውም በመሐል ላይ ያለው አንድ ዳዶ ነው። ያንን ዳዶ ለመፍታት ሞላውን በልዩ መጭመቂያ መያዝ ግድ ይሆናል። እስቲ እንቁጠር። ጥንካሬው በሚሊ ሜትር 20 ኒውተን የሆነ ሞላ 200 ሚሊ ሜትር ሲጨመቅ በላዩ ያለው ኃይል 4,000 ኒውተን፣ በውስጡ የታመቀው ጉልበት ደግሞ 400 ጁል ነው። ይህ 20 ኪሎ ግራም የሚመዝን ብረት ከሁለት ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ይዞት የሚመጣው ጉልበት ነው። ልዩነቱ ብረቱ ከላይ ሲወድቅ ቢያንስ ከየት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። የሞላ መጭመቂያው ግን ሁለት መንጠቆና ሁለት ረጅም ቡሎን ብቻ ነው፤ አንዱ መንጠቆ ከተንሸራተተ ሞላው የሚሄድበትን አቅጣጫ እናንተ አትመርጡም። እኔ ይህን ክፍል ግቢዬ ውስጥ ሠርቼዋለሁ፤ ዛሬ ቢሆን አልሠራውም። የወረዱትን አራት አካላት ግድግዳ ላይ የታሰረ የሞላ መጭመቂያ ወዳለው ጋራዥ ወስጄ እዚያ አስፈትቼ እመለሳለሁ። ጊዜውም ገንዘቡም ጥቂት ነው።

የቀረው ሥራ ትዕግሥት እንጂ ልዩ ጥበብ አይጠይቅም። መሬቱ ደልዳላና ጠንካራ ይሁን፤ በማይነሡት ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ ይግባ፤ የጎማ ዳዶዎች መኪናዋ መሬት ላይ ሳለች ይላሉ፤ ክሪክ ማንሻ እንጂ መቆሚያ ስላልሆነ መኪናዋ በብረት ድጋፍ ላይ ሳትቀመጥ ማንም እጁን አያስገባ። ጎማው ከወጣ በኋላ የፍሬኑ ቱቦ ከአሞርዛተሩ ጋር የታሰረበት ይፈታል፤ ጎማውን የተሸከመውን ብረት ከአሞርዛተሩ ጋር ያያያዙት ሁለት ወፍራም ቡሎኖች ይወጣሉ፤ በመጨረሻም ከላይ፣ ከኮፈኑ ሥር ያሉት ሦስት ዳዶዎች ይፈታሉ። እዚህ ላይ አንድ ሰው አካሉን ከታች ደግፎ ይያዝ፤ ዳዶዎቹ ሲያልቁ ይወድቃልና። ልጄ ነበረች የያዘችልኝ። ጎማውን የተሸከመው ብረትም ብቻውን እንዳይንጠለጠል በሽቦ መታሰር አለበት፤ ወደ ውጭ ካጋደለ የፍሬኑን ቱቦ ይወጥራል፣ የሲቪ ጆይንቱንም ከቦታው ሊያወጣው ይችላል።

ከዚህ ክፍል ላይ የሠራሁትን አንድ ስሕተት ሳልናገር አላልፍም። በኋላ በኩል ያሉትን የክንዶች ቡሎኖች፣ ጎማዎቹ እንደ ተንጠለጠሉ አጥብቄ ጨረስኳቸው። ቦኮላው ከውስጥና ከውጭ ብረት ጋር የተጣበቀ ጎማ ነው፤ የሚሠራው በመጠማዘዝ እንጂ በመንሸራተት አይደለም። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ፣ መኪናዋ መሬት ስትነካ ጀምሮ ተጠማዞ ይኖራል፤ ሳይውል ሳያድር ይቀደዳል። ትክክለኛው መኪናዋን መሬት ላይ አውርዶ፣ ጥቂት ገፍቶ፣ ከዚያ በቶርክ ሬንች መጨረስ ነው። ለተማሪዎቼ የፈተና ጥያቄ አድርጌ አውጥቼው አውቃለሁ።

አሁን ወደ ቀለበቱ እንመለስ።

ኮይሎቨሩ እንደ መጣ ሲገጠም መኪናዋ ከቀድሞ ከፍታዋ 24 ሚሊ ሜትር ዝቅ አለች። ለአዲስ አበባ መንገድ፣ ለኮብልስቶኑና ለጉብታው፣ ይልቁንም ለገዛ ግቢዬ በር ይህ አይሆንም። ስለዚህ ቀለበቱን ወደ ላይ አዞርኩት። ጥርሱ በአንድ ዙር 2 ሚሊ ሜትር ይሄዳል፤ 12 ዙር አዞርኩና መኪናዋ ወደ ቀድሞ ከፍታዋ ተመለሰች። በጣም ደስ አለኝ።

ለመሆኑ በ12 ዙር ውስጥ ምን ተለወጠ? ባለፈው ሴሚስተር ይህን ጥያቄ በክፍል ውስጥ ስጠይቅ አብዛኛው ተማሪ «ሞላው ጠነከረ» ብሎ መለሰ። በየጋራዡም የምንሰማው ይኸው ነው። አልጠነከረም። በአንድ ጎማ ላይ የሚያርፈው የመኪናዋ ክብደት 300 ኪሎ፣ የሞላው ጥንካሬ ደግሞ በሚሊ ሜትር 6 ኪሎ ነው ብለን እንውሰድ። መኪናዋ ስትቆም ሞላው 300ን ለ6 አካፍለን 50 ሚሊ ሜትር ተጨምቆ ይገኛል። ቀለበቱን ከፍ አድርጉት፣ ዝቅ አድርጉት፤ ክብደቱ እስካልተለወጠ ድረስ ሞላው የሚጨመቀው ያው 50 ሚሊ ሜትር ነው። ቀለበቱ ያደረገው ሞላውን እንዳለ፣ መኪናዋንም በላዩ እንደ ተሸከመ፣ ወደ ላይ ማንሣት ብቻ ነው። (በማክፈርሰን አሠራር የቀለበቱና የመኪናዋ ከፍታ ልዩነት በጣም ትንሽ ስለሆነ እኩል አድርገን እንሂድ።)

መኪናዋ ከፍ ስትል ግን ጎማው መሬት ላይ ቀርቷል። በመካከላቸው ያለው አሞርዛተር ተዘረጋ ማለት ነው። የአሞርዛተሩ ዘንግ ደግሞ መጨረሻ አለው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ይህ ዘንግ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚጓዘው 110 ሚሊ ሜትር ነው። እንደ መጣ ሲገጠም 70 ሚሊ ሜትሩ ጎማው ጉብታ ሲመታ ወደ ላይ ለሚወጣበት፣ 40ው ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች ለሚወርድበት ነበር። 12 ዙር ካዞርኩ በኋላ ለመውጫው 94፣ ለመውረጃው 16 ቀረ። ድምሩ ያው 110 ነው። ቀለበቱ ጉዞ አይፈጥርም፤ ያለውን ጉዞ ከመውረጃው ቀንሶ ለመውጫው፣ ወይም ከመውጫው ቀንሶ ለመውረጃው ይሰጣል። የሰውነቱ ርዝመት በማይለወጥ አሞርዛተር ላይ የመኪናዋ ከፍታና የጎማው የመውረጃ ጉዞ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አይደሉም፤ አንድ ቁጥር ናቸው። ሞላውን ብትለውጡት፣ ብታለሰልሱት፣ ብታጠነክሩት፣ በዚያ ከፍታ ላይ የሚቀራችሁ 16 ሚሊ ሜትር ነው።

አሮጌውን ሳልፈታ በፊት የመኪናዋን የመውረጃ ጉዞ ለክቼ ማስታወሻዬ ላይ ጽፌ ነበር፤ 80 ሚሊ ሜትር። በዚያው ከፍታ ላይ በአዲሱ 16 ማግኘቴ፣ አዲሱ አካል ተዘርግቶ ከአሮጌው በ64 ሚሊ ሜትር ያጥራል ማለት ነው። ይህ የአምራቹ ጥፋት አይደለም። ዕቃው የተሠራው መኪናውን ዝቅ ለማድረግ ነው፤ ዝቅ ላለ መኪና አጭር አካል ትክክል ነው። እኔ ለዝቅታ የተሠራውን ለከፍታ አዋልኩት።

ልዩነቱን ለማየት ስሌት እንኳ አያስፈልግም ነበር። ሥራውን በጀመርኩበት ቅዳሜ፣ በሠፈራችን ጋራዥ ያላቸው አንድ አዛውንት መካኒክ ሞላ መጭመቂያቸውን ሊያውሱኝ መጥተው ነበር። ሁለቱን አካላት ጎን ለጎን አጋድመው ጥቂት ተመለከቱና፣

«ዶክተር፣ ይሄ እኮ ያጥራል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ቀለበቱ ከፍ ያደርገዋል» አልኳቸው።

«ሞላውን ያነሣዋል እንጂ አሞርዛተሩን አያስረዝመውም» ብለው መጭመቂያውን አስቀምጠውልኝ ሄዱ። እኔም ፈገግ አልኩ። የኋላ ኋላ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ሁሉ የእሳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ ነው።

ውጤቱ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ይሰማ ነበር። ጎማው ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር፣ ከጉብታም በወረደ ቁጥር ከፊት «ቋ» የሚል የብረት ድምፅ ይመጣል። የላይኛው መቀመጫ ልቷል ብዬ ሁለት ጊዜ ፈታሁ፤ የስታብላይዘሩን ማያያዣ ለወጥኩ። ድምፁ አልጠፋም። ድምፁ የዘንጉ ነበረ፤ መጨረሻው ላይ እየደረሰ ከውስጥ ይጋጭ ነበር።

ድምፁ ምልክት ብቻ ነው። ቁም ነገሩ በዚያች ቅጽበት ጎማው መሬቱን በምን ያህል ኃይል እንደሚጫን ነው። በፋብሪካው ለስላሳ ሞላ ጎማው ወደ ጉድጓድ ሲወርድ ሞላው እየተዘረጋ፣ ኃይሉም ቀስ እያለ እየቀነሰ ይከተለዋል። በእኔ መኪና ግን ጎማው 16 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ሞላው ገና 34 ሚሊ ሜትር ተጨምቋል፤ 34 ሲባዛ በ6፣ 204 ኪሎ ነው። እስከዚያች ነጥብ ድረስ ጎማውን ወደ መሬት የሚገፋ 204 ኪሎ አለ፤ ከዚያች ነጥብ በኋላ ግን ዘንጉ ስለሚይዘው ሞላው ጎማውን አይገፋም። የሚቀረው የጎማው፣ የቸርኬውና የፍሬኑ የራሱ ክብደት ነው። መንገዱ ከዚህ የበለጠ ዝቅ ካለ ጎማው አየር ላይ ነው።

በስድስተኛው ሳምንት፣ በዝናብ፣ ከእንጦጦ እየወረድኩ ነበር። ልጄ ከኋላ ተቀምጣለች። ወደ ቀኝ በሚታጠፍ መንገድ ላይ መኪና ወደ ግራ ያዘነብላል፤ የውስጠኛው ቀኝ ጎማ ክብደቱ ይቀላል፤ ካለችው 16 ሚሊ ሜትር ላይ አብዛኛዋ በዚያው ታልቃለች። አስፋልቱ በዚያች ቦታ ተሰብሮ ነበር። መሪው በእጄ ውስጥ ባዶ ሆነ፤ መኪናዋ መታጠፏን ትታ ቀጥ ብላ ወደ ተቃራኒው መስመር ግማሽ መንገድ ገባች፤ ከዚያ ያዘች። ከፊት የሚመጣ መኪና አልነበረም። ዝናቡም፣ የጎማዬ ጥርስም ድርሻ እንደ ነበራቸው አልክድም። ቤት እንደ ደረስኩ ግን ልብሴን ሳልቀይር ሜትር ይዤ ወጣሁ። 16ን ያገኘኋት በዚያ ምሽት ነው። በማግስቱ መኪናዋን አቆምኳት።

የአለካኩ ዘዴ ቀላል ስለሆነ ሁላችሁም ልትሠሩት ትችላላችሁ። መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ቀጥ ብላችሁ ለኩ። ከዚያ የፊቱን ሁለቱንም ጎማዎች አንሡና እንደገና ለኩ። ልዩነቱ የመውረጃ ጉዞው ነው። አንዱን ጎማ ብቻ ካነሣችሁ ስታብላይዘሩ ስለሚይዘው ቁጥሩ ያንሳል። ለመውጫው ደግሞ በዘንጉ ላይ አንዲት ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ አስራችሁ አንድ ሳምንት ንዱ፤ ማሰሪያዋ ተገፍታ የቆመችበት ቦታ በሳምንቱ ውስጥ የደረሰባችሁን ትልቁን ጭመቃ ይነግራችኋል።

ስለ ሞላው ጥንካሬ ደግሞ አንድ ስሌት ላክል፤ ምቾት የሚባለውን ነገር በቁጥር ያሳያልና። ስበትን በሞላው የጭመቃ መጠን አካፍላችሁ፣ የካሬ ሥሩን ወስዳችሁ፣ በሁለት ፓይ ስታካፍሉ መኪናው በሞላው ላይ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ ታገኛላችሁ። በሚሊ ሜትር 2 ኪሎ ጥንካሬ ባለው ሞላ ጭመቃው 150 ሚሊ ሜትር ነው፤ ውጤቱ 1.3 ሄርትዝ ይሆናል። በ6 ኪሎው ሞላ ጭመቃው 50 ነው፤ ውጤቱም 2.2 ሄርትዝ። የቤት መኪኖች በአብዛኛው ከ1 እስከ 1.5 ባለው ውስጥ ይሠራሉ። ወደ ውድድር ሜዳ የሚሄድ ሰው 2.2ን ሊፈልገው ይችላል፤ እናቴ ግን ሁለት ጊዜ ተሳፍራ በሦስተኛው ታክሲ እሻላለሁ አለች። ጥንካሬው ሦስት እጥፍ ሲሆን ተመሳሳይ የመርገብ ምጣኔ ለማግኘት የአሞርዛተሩ አርጋቢ ኃይል በሦስት ካሬ ሥር፣ ማለትም በ1.7 ያህል ማደግ አለበት። ጠንካራ ሞላ ብቻውን ገዝቶ በአሮጌ አሞርዛተር ላይ መጫን የማይሠራው ስለዚህ ነው።

በአገራችን መኪና ለማንሣት የተለመደው ስፔሰር ነው። በዩኒቨርሲቲ ሰዎች ዘንድ ስፔሰርን መናቅ ልማድ ሆኗል፤ እኔም ንቄው ነበር። ይሁን እንጂ በሞላው ቀለበቶች መካከል የሚገባው ጎማና ከላይኛው መቀመጫ በላይ የሚገባው ብረት አንድ አይደሉም። በሞላው መካከል የሚገባው ያካበበውን ክፍል ከሥራ ውጭ ስለሚያደርገው ሞላውን ያጠነክረዋል፤ አሞርዛተሩንም ይዘረጋዋል፤ የእኔን ስሕተት በርካሽ ይደግመዋል ማለት ነው። ከላይኛው መቀመጫ በላይ የሚገባው ግን አካሉን በሙሉ ወደ ታች ይገፋል፤ ዘንጉ በነበረበት ይቆያል፤ 80 ሚሊ ሜትር የነበረው 80 ሆኖ ይቀራል። ዕዳው ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል፤ ጎማው ሲንጠለጠል ከቀድሞ በታች ስለሚወርድ የሲቪ ጆይንቱ ማዕዘን ይሰፋል፣ የፍሬኑ ቱቦና ቦል ጆይንቱ ይወጠራሉ። ሁለት ሴንቲ ሜትርና አምስት ሴንቲ ሜትር በዚህ ረገድ ጨርሶ አይነጻጸሩም። የታችኛው እግሩም በጥርስ የሚረዝምና የሚያጥር ኮይሎቨር በዚህ ነጥብ ላይ ከስፔሰሩ ጋር አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራል፤ ከፍታውን ከሞላው ቀለበት ለይቶ ይለውጣልና። ኮይሎቨር መግዛቴ ካልቀረ መግዛት የነበረብኝ እሱን ነበር።

ዝቅ ማድረግ ለሚፈልጉም ነገሩ ከዕዳ ነፃ አይደለም። በማክፈርሰን አሠራር መኪናው ዝቅ ሲል የታችኛው ክንድ የውጭ ጫፉ ወደ ላይ ያዘነብላል፤ መኪናው በመታጠፊያ ላይ የሚያዘነብልበት ምናባዊ ማዕከል ከመኪናው የክብደት ማዕከል የበለጠ ይወርዳል። ስለዚህ ዝቅ ያለው መኪና፣ ሞላው ካልጠነከረ፣ ከበፊቱ አብዝቶ ሊያዘነብል ይችላል። ቁመትን በማንኛውም አቅጣጫ ከለወጣችሁ ደግሞ የጎማዎቹ አቅጣጫና ዘንበልታ ስለሚለወጥ አላይመንት ሳያሠሩ መንዳት ጎማ መጨረስ ነው። የፊት መብራቱም አብሮ ይለወጣል። በጀርመን አገር እንዲህ ያለ ለውጥ በአብዛኛው በተፈቀደለት መርማሪ መታየት አለበት፤ አንዳንዱ ሰው ቢሮክራሲ ይለዋል፤ እኔ ከእንጦጦው ቀን በኋላ እንደዚያ ማለት ከብዶኛል።

ኮሮላዋ አሁን በአዲስ የፋብሪካ ዓይነት አሞርዛተሮችና በራሷ ሞላዎች ትሄዳለች፤ ፊቷ ላይ ከላይኛው መቀመጫ በላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ስፔሰር አለ። የገጠሙልኝ እኚያው አዛውንት ናቸው። ዋጋ ስጠይቃቸው «ለዶክተርማ በነፃ» ብለው ሳቁብኝ፤ በግድ ከፈልኩ።

ጥያቄዎቻችሁን ከመቀበሌ በፊት ወደ ውጭ እንወጣለን። ዎርክሾፑ በር ላይ ሁለት መኪኖች ቆመዋል፤ አንዱ ባለ ስፔሰር ነው፣ ሌላው ምንም አልተነካም። በአራት በአራት ተከፋፍላችሁ የየራሳችሁን የመውረጃ ጉዞ ለክታችሁ ሰሌዳው ላይ ትጽፋላችሁ። ሜትሮቹ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አሉ። ክሪኩን ቴክኒሻኑ ይሠራዋል፤ ድጋፉ መግባቱን እኔ ራሴ አይቼ እስክናገር ድረስ ማንም እጁን ከፓራፋንጎው ሥር አያስገባ።